በር ላይ የቆመው ሰው

ታናሽ ወንድሜ የ12ኛ ክፍል ፈተና የወደቀ ቀን ከቤት ላባርረው ወስኜ ነበር።

አባታችን ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ቤቱን የማስተዳድረው እኔ ነኝ። ኪራዩ፣ አስቤዛው፣ የትምህርት ቤት ክፍያው ሁሉ ከእኔ ኪስ ነው የሚወጣው። እኔም በምላሹ ሁሉንም አስከፍላቸው ነበር። ስገባ እናቴ ድምጿን ትቀንሳለች። እህቴ ቴሌቪዥኑን ታጠፋለች። ወንድሜ ክፍሉ ገብቶ ይዘጋል። ያኔ ይሄ ክብር ይመስለኝ ነበር።

ያን ዕለት ማታ ጓደኛዬ አብሮኝ ነበር። መንገድ ላይ ነገሩን ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ግቢ ስንደርስ ግን ቀደመኝና ወንድሜ ክፍል በር ላይ ቆመ። አንድ እጁን መቃኑ ላይ አደረገ። «ዛሬ እዚህ አትገባም» አለኝ።

ገፋሁት። አልተነቃነቀም። ደግሜ ገፋሁት። ኮሌታውን ያዝኩ፣ ኮሌታዬን ያዘኝ። ከእኔ ያጥራል፣ ግን ጠንካራ ነው። ግድግዳው ላይ ተላተምን። እናቴ ሳሎን ሆና «ኧረ በማርያም!» ስትል ይሰማኛል። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ ክንዴ ከዳኝ። ለቀቅኩት። ፊቴን አዞርኩ።

ደጃፉ ላይ ተቀመጥን። ምንም አልመከረኝም። እጄ መንቀጥቀጡን እስኪያቆም ጠበቀና «እራት በልተሃል?» አለኝ።

ከዓመታት በኋላ፣ እሱ ከሞተ በኋላ፣ የጊልጋመሽን ግጥም ሳነብ አንድ ቦታ ደርሼ መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት። እዚያ ገጽ ላይ አንድ ሰው በር ላይ ቆሟል።

ጊልጋመሽ የኡሩክ ንጉሥ ነው። ኡሩክ ዛሬ በደቡብ ኢራቅ የምትገኝ ፍርስራሽ ናት፤ ዋርካ ይሏታል። ስለ እሱ መጀመሪያ በሱመርኛ የተለያዩ ግጥሞች ነበሩ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18ኛው መቶ ዘመን አካባቢ በአካድኛ አንድ ረጅም ተረክ ሆኖ ተጻፈ። ከዚያም ብዙ መቶ ዓመታት ቆይቶ ሲንሌቂኡኒኒ የሚባል ሊቅ በ11 የሸክላ ሰሌዳ እንዳደራጀው ይነገራል። 12ኛ ሰሌዳም ተጨምሮበታል። አንዳንዱ ሰሌዳ ተሰብሯል፣ አንዳንዱ ጭራሽ አልተገኘም። ስታነብ ዓረፍተ ነገሩ መሀል ላይ ይቆረጥብሃል። እኔ ይሄን ወድጄዋለሁ። ስለ ሞተ ሰው የማስታውሰው ነገርም እንዲሁ ነው የሚመጣልኝ፤ ቁርጥራጭ ሆኖ።

ጊልጋመሽ ከሦስት እጅ ሁለት እጁ አምላክ፣ አንድ እጁ ሰው ነው። እናቱ ኒንሱን የምትባል አምላክ ናት። መልከ መልካም ነው፣ ብርቱ ነው፣ አቻ የለውም። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል። አቻ የሌለው ሰው የሚያደርገውን ያደርጋል። የከተማውን ጎረምሶች ቀን ከሌሊት በግጥሚያ ያደክማቸዋል። ወንድ ልጅን ለአባቱ አይለቅም። ሴት ልጅን ለእናቷ አይለቅም። ሙሽራዋን ለሙሽራው አይለቅም። የኡሩክ ሰዎች ወደ አማልክት ያለቅሳሉ። የሚሉት ሲጠቃለል፣ እረኛችን እሱ ነው፣ ከእሱስ ማን ይጠብቀን ነው።

አማልክቱ ምን አደረጉ? መብረቅ መላክ ይችሉ ነበር። በሽታ መላክ ይችሉ ነበር። እነሱ ግን አሩሩ የምትባለዋን ፈጣሪ ጠርተው ለልቡ ማዕበል የሚመጥን ሰው ሥሪለት አሏት። እርስ በርስ ይግጠሙ፣ ኡሩክም ትረፍ። አሩሩ እጇን ታጠበች፣ ጭቃ ቆንጥራ ሜዳ ላይ ጣለች። ኤንኪዱ ተፈጠረ።

ኤንኪዱ ገላው በጸጉር የተሸፈነ ነው። ከሚዳቋ ጋር ሣር ይግጣል። ከአውሬ ጋር ተጋፍቶ ውኃ ይጠጣል። አንድ አዳኝ አይቶት ደነገጠ። ሻምሃት የምትባል ሴተኛ አዳሪ ከከተማ ተላከች። ስድስት ቀንና ሰባት ሌሊት አብሯት ሰነበተ። ከዚያ ወደ ሚዳቋዎቹ ሲመለስ ሸሹት። ሊሮጥ ሞከረ፣ ጉልበቱ እንደ ድሮው አልሆነለትም። ግን ማስተዋል አገኘ ይላል ግጥሙ።

ሻምሃት እረኞች ዘንድ ወሰደችው። ዳቦ አቀረቡለት። ምን እንደሆነ አላወቀም፤ ትክ ብሎ አየው። ብላ አለችው፣ በላ። የተጠመቀውንም መጠጥ ሰባት ማሰሮ ጠጣና መዝፈን ጀመረ። ታጠበ፣ ቅባት ተቀባ፣ ልብስ ለበሰ። ሰው ሆነ። እንደ ሰው የሠራው የመጀመሪያ ሥራ ደግሞ የሌሊት ጥበቃ ነው። እረኞቹ እፎይ ብለው ተኙ፤ እሱ ከአንበሳና ከተኩላ ሲጠብቃቸው አደረ። ይቺን ትንሽ ነገር ብዙ አንባቢ ዝም ብሎ ያልፋታል። እኔ ግን ኤንኪዱን የማምነው ከዚህ ጀምሮ ነው። ኡሩክ ደርሶ በር ላይ ከመቆሙ በፊት ሌሎች እንዲተኙ ብሎ ያልተኛ ሰው ነው።

አንድ መንገደኛ የኡሩክን ነገር ነገረው። ሰርግ አለ፣ ከሙሽራው በፊት ንጉሡ ነው የሚገባው አለው። የኤንኪዱ ፊት ተለወጠ። ተነሥቶ ሄደ። ከተማው ከበበው። ጊልጋመሽን ይመስላል፣ ቁመቱ ያጥራል፣ አጥንቱ ግን ይደነድናል አሉ። ማታ ጊልጋመሽ ወደ ሰርጉ ቤት ሲመጣ ኤንኪዱ እግሩን በሩ ላይ ተከለ። አላስገባውም። ተያያዙ። መቃኑ ተናወጠ፣ ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። በመጨረሻ ጊልጋመሽ አንድ ጉልበቱን አጠፈ፣ ቁጣው በረደለት፣ ፊቱን አዞረ። ማን አሸነፈ ለሚለው ገጣሚው ብዙ ግድ ያለው አይመስልም። ተሳሳሙ፣ ወዳጅ ሆኑ።

መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ ያስቀመጥኩት እዚህ ጋ ነው።

በሱመርኛው ግጥም ኤንኪዱ የጊልጋመሽ አገልጋይ ነው። ይሄን ሳውቅ በጣም ገረመኝ። ታሪኩ ከአፍ ወደ አፍ፣ ከሰሌዳ ወደ ሰሌዳ ሲተላለፍ አገልጋዩ ጓደኛ ሆነ። ለምን ብዬ ብዙ አሰብኩበት። አገልጋይ በር ላይ መቆም ስለማይችል ይመስለኛል። ጌታው ሲመጣ ገለል ማለት ነው ሥራው። ያን ንጉሥ ማስቆም የሚችል ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ለዚያ ደግሞ እኩያ መሆን አለበት። እኔም ቤት ሁሉም እንጀራዬን የሚበላ ነበር። እናቴ እንኳ ልትናገረኝ አልቻለችም። ጓደኛዬ ግን ከእኔ የሚፈልገው ነገር አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መሸፋፈን አልፈልግም። ጊልጋመሽ ጓደኛ ስላገኘ ወዲያው ደህና ሰው አልሆነም። ኡሩክ አረፈች፣ እውነት ነው። ጉልበቱ ግን ሌላ ቦታ ፈለገ። ወደ ዝግባው ጫካ ሄደን ጠባቂውን ሁምባባን እንግደል፣ ስማችን ለዘላለም ይኑር አለ። ኤንኪዱ ፈራ። ጫካውን ያውቀዋል። ሽማግሌዎቹም ልጅ ነህ፣ ልብህ ወስዶሃል አሉት። አልሰማም። ከመሄዳቸው በፊት ኒንሱን ወገን የሌለውን ኤንኪዱን ልጄ ነህ ብላ ተቀበለችው። ለልጇ ያላትን ፍርሃት በእሱ ጫንቃ ላይ አኖረችው።

የሱመርኛው ግጥም እዚህ ጉዞ ላይ ሦስት ሆኖ የተገመደ ገመድ በቀላሉ አይበጠስም ይላል። መጽሐፈ መክብብን ያነበበ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። እኛም ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን። የነዚህ የሁለቱ ድር ግን መጀመሪያ ያሰረው አንበሳ ምን ነበር? ሁምባባ ተሸነፈ፣ ወደቀ፣ ነፍሴን ተውልኝ ብሎ ለመነ። ጊልጋመሽ ልቡ ሊራራ ነበር። ግደለው ብሎ የገፋፋው ኤንኪዱ ነው። ያ በር ላይ የቆመው ሰው።

እ.ኤ.አ. በ2011 በኢራቅ የሱለይማኒያ ሙዚየም አንድ ሰሌዳ ገዛ። ጥናቱ በ2014 ታተመ። ከጫካው ክፍል ጠፍተው የነበሩ ስንኞች ተገኙበት። ጫካው ድምፅ ነበረው፤ ወፎች ይዘምራሉ፣ ዝንጀሮዎች ይጮኻሉ፣ ለጠባቂው ለሁምባባ ሙዚቃ ነበር። ከቆረጡት በኋላ ኤንኪዱ ጓደኛውን፣ ጫካውን ምድረ በዳ አደረግነው፣ ኒፑር ስንደርስ ለአምላኩ ለኤንሊል ምን ብለን እንመልሳለን ይለዋል። ሁለት ሺህ ዓመት በላይ መሬት ውስጥ የነበረ የጸጸት ቃል ነው። የተናገረውም ግደለው ያለው ራሱ ነው።

እኛም አብረን ያጠፋነው አለ። ሦስተኛ ጓደኛ ነበረን። በአንድ ሥራ ጉዳይ ተባብረን ገፋነው። እኔ ጀመርኩ፣ እሱ ጨረሰው። እርስ በርሳችን ስለተዋደድን ትክክል የሆንን መስሎን ነበር። ለሁለት ሆኖ ማጥፋት እንዴት ቀላል እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። በኋላ ይቅርታ ልንለው ፈልገን ስልኩን አጣነው።

ከጫካው ሲመለሱ ኢሽታር የምትባል አምላክ ጊልጋመሽን አግባኝ አለችው። እሱ እምቢ ማለቱ ሳያንስ የድሮ ወዳጆቿን አንድ በአንድ እየቆጠረ አዋረዳት። የሰማይ በሬ ተላከባቸው፣ ገደሉት። ኤንኪዱ የበሬውን ታፋ ወረወረባት። አማልክቱ ተሰብስበው ከሁለቱ አንዱ ይሙት አሉ። ኤንኪዱ ይሁን ተባለ።

ኤንኪዱ በጦርነት አልሞተም። አልጋ ላይ ታሞ 12 ቀን ተሰቃየ። ይሄም አሳፈረው። ተዋግቼ ብሞት ስም ይኖረኝ ነበር አለ። በሕመሙ መሀል ደግሞ መራገም ጀመረ። ለቤተ መቅደስ ከዝግባ ያሠራውን ትልቅ በር ረገመ። መጀመሪያ ያየውን አዳኝ ረገመ። ሻምሃትን ክፉኛ ረገማት። ሜዳዬ ላይ ብትተዪኝ ኖሮ ማለቱ ነው።

ጓደኛዬ የታመመው ኩላሊቱን ነው። በሳምንት ሁለቴ እጥበት ነበረው፤ አንዳንዴ ገንዘብ ሲያጥር አንዴ። የጎጃም ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ አገሩ ገብቶ ሊያስተምር ነበር። አዲስ አበባ የቀረው እኔ አላስሄድ ስላልኩት ነው። «እዚህ ሥራ አለ፣ ምን ልታደርግ ትሄዳለህ» አልኩት። አንድ ማታ አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ሳለሁ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ «አንተን ባላውቅህ ኖሮ አሁን እናቴ ቤት ነበርኩ» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ሰው ሁሉ ያልፋል። ማንም አላየኝም።

ኤንኪዱ ሲራገም የፀሐይ አምላክ ሻማሽ ከሰማይ ተናገረው። ሻምሃትን ለምን ትረግማለህ? ዳቦ ያበላችህ፣ ልብስ ያለበሰችህ እሷ ናት። ጊልጋመሽን ወዳጅ የሰጠችህም እሷ ናት። እሱ በክብር ያስተኛሃል፣ ኡሩክን ሁሉ ያስለቅስልሃል፣ አንተን ካጣ በኋላ የአንበሳ ቆዳ ለብሶ በረሃ ይንከራተታል አለው። የኤንኪዱ ልብ በረደ። እርግማኑን ወደ ምርቃት መለሰው። ይህ ክፍል በግጥሙ ውስጥ ከሁሉ የምወደው ነው። የሞትን ፍርድ የሚቀይር ነገር አልተነገረውም። የሚያለቅስልህ አለ ብቻ ነው የተባለው። ያ በቃው።

ጓደኛዬን ሻማሽ አልተናገረውም። ከሁለት ቀን በኋላ ግን ስገባ «ያን ቀን ያልኩህን እርሳው» አለኝ። «ረስቼዋለሁ» አልኩት። አልረሳሁትም ነበር። አሁንም አልረሳሁትም። ግን ያን ጊዜ እጁን ያዝኩት፣ ቀዝቃዛ ነበር፣ እየቀለድን አመሸን።

ስምንተኛው ሰሌዳ ሙሾ ነው። ሌላ ስም አልሰጠውም። ጎህ ሲቀድ ጊልጋመሽ ተነሥቶ ያወርዳል። የዝግባው ጫካ መንገዶች ያልቅሱልህ ይላል። የኡሩክ ሽማግሌዎች ያልቅሱልህ። ዳርቻቸው የሄድንባቸው ወንዞች ያልቅሱልህ። ድብ፣ ጅብ፣ ነብር፣ አንበሳ ያልቅሱልህ። ዳቦ ያበሉህ እረኞች ያልቅሱልህ። ከዚያ ደረቱን ዳበሰው፣ ልቡ አይመታም። ፊቱን እንደ ሙሽራ ሸፈነው። እንደ ንስር ዞረው። ግልገሎቿን እንዳጣች እንስት አንበሳ ወዲያ ወዲህ አለ። ጸጉሩን ነጨ፣ ያማረ ልብሱን ቀዶ ጣለ።

እኛ አገር ሙሾ አውራጅ የሟቹን የዋለበትን ሁሉ እየጠራች ስታስለቅስ ያየ ሰው ይሄን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። አያቴ ስትሞት ያወረደችው ሴት አያቴ ውኃ የቀዳችበትን ምንጭ በስም ጠርታ ነበር። ሰው ሁሉ ያኔ ነው የፈነዳው።

ጊልጋመሽ ግን አንድ ነገር አደረገ። አልቀብርም አለ። ያነባሁት ልቅሶ ምናልባት ያስነሣው እንደሆነ ብዬ ነው ይላል በኋላ። ስድስት ቀንና ሰባት ሌሊት ሬሳውን ይዞ ተቀመጠ። ከአፍንጫው ትል እስኪወድቅ ድረስ። ገጣሚው ይሄን ሳይሸፍን ነው የጻፈው። ብርቱው ንጉሥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጉልበቱ የማይሠራበት ነገር አየ። የወደድኩት ጓደኛዬ ጭቃ ሆነ፣ እኔስ እንደሱ አልተኛም ወይ አለ። ከተማውን ጥሎ ሄደ።

ይህን ታሪክ የያዙትን የነነዌ ሰሌዳዎች ካወጡት አንዱ ሆርሙዝድ ራሳም ነው፤ የሞሱል ልጅ። እ.ኤ.አ. በ1853 የአሦሩን ንጉሥ የአሹርባኒፓልን ቤተ መንግሥት ቆፍሮ አገኛቸው። የቴዎድሮስን ታሪክ ያነበበ ይሄን ስም ያውቀዋል። የታሰሩትን እንዲያስፈታ የእንግሊዝ መንግሥት ወደ አፄ ቴዎድሮስ የላከው እሱን ነው። ንጉሡ መጀመሪያ በክብር ተቀበሉት፣ ወደዱትም። በኋላ መቅደላ አሰሩት። እሱ አምባው ላይ ታስሮ ሳለ ሰሌዳዎቹ ለንደን ነበሩ፤ የያዙትን ታሪክ ገና ማንም አልለየውም። ጆርጅ ስሚዝ ከመካከላቸው የጥፋት ውኃውን ታሪክ አንብቦ ዓለምን ያስደነገጠው በ1872 ነው። ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከወደቁ አራት ዓመት በኋላ።

ይሄን ሳውቅ ሁለቱን ነገሥታት ጎን ለጎን ሳላስብ መተው አልቻልኩም። ቴዎድሮስም የሚወዷቸውን በተከታታይ አጥተዋል። እቴጌ ተዋበች እ.ኤ.አ. በ1858 ሞቱ። በ1860 ወዳጃቸው የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን ተገደለ። በዚያው ዓመት ሊቀ መኳስ ዮሐንስ ያሉት ጆን ቤል ንጉሡን ሲከላከል ወደቀ። ቴዎድሮስ ለወዳጆቻቸው ደም ብዙ ምርኮኛ ፈጁ። ሐዘን ሰውን ወደዚህም ይወስዳል። ቴዎድሮስን እወዳቸዋለሁ፣ ስለዚህ ይሄን ስጽፍ ይከብደኛል። ከተዋበችና ከቤል በኋላ በራቸው ላይ የሚቆም ሰው ማን ቀረላቸው እያልኩ አስባለሁ። ከመቅደላ ከተወሰዱት ታቦታት ብዙዎቹና የነነዌዎቹ የጊልጋመሽ ሰሌዳዎች ዛሬ የአንድ ሙዚየም ንብረት ተብለው ለንደን ተቀምጠዋል።

እኔ ጓደኛዬ ሲሞት ሸሸሁ። ቀብሩ አገሩ ነበር። ሄጄ አፈር አልብሼ በማግስቱ ተመለስኩ። ሰልስቱ ላይ አልነበርኩም። አርባው ላይም አልነበርኩም። ለእናቱ አልደወልኩም። ሥራ በዛብኝ እያልኩ ለራሴም ለሰውም አወራለሁ። ማታ ማታ ግን የራሴን የደም ግፊት እየለካሁ አድር ነበር። እሱ ሞቶ እኔ ስለ ራሴ ኩላሊት ነበር የምፈራው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ጊልጋመሽም የፈራው ለራሱ ነው። ለዚህ ነው የማምነው። ሞት የማይነካውን ኡትናፒሽቲምን ፍለጋ የዓለም ጫፍ ድረስ ሄደ። በባሕሩ ዳር ኮማሪቷ ሲዱሪ ስታየው ወንበዴ መስሏት በሩን ዘጋችበት። ፊቱ የከሳ፣ ብርድና ፀሐይ የጠበሰው። አንተ ማነህ ሲሉት በየደረሰበት ያንኑ ይደግማል፤ የወደድኩት፣ ከእኔ ጋር መከራን ሁሉ ያየ ጓደኛዬ፣ የሰው ልጅ ዕጣ አገኘው። በጥንቱ ቅጂ ሲዱሪ የምትመልስለት ቀላል ነው። ሆድህን ሙላ፣ ልብስህ ንጹሕ ይሁን፣ እጅህን የያዘህን ሕፃን እየው። አልገባውም። እሱ እጁን የያዘ ሕፃን የለውም። አልፎ ሄደ።

ኡትናፒሽቲም ስድስት ቀንና ሰባት ሌሊት ሳትተኛ ቆይ አለው። እንደተቀመጠ እንቅልፍ ወሰደው። ሞትን ሊያሸንፍ የመጣ ሰው እንቅልፍን አላሸነፈም። ሲመለስ ግን ስለ አንድ ተክል ነገሩት፤ ከውኃ ሥር የሚበቅል፣ ሽማግሌን ወጣት የሚያደርግ። እግሩ ላይ ድንጋይ አስሮ ሰጠመና አወጣው።

እዚህ ያለችውን አንድ ስንኝ ስንቴ እንዳነበብኳት አላውቅም። ጊልጋመሽ ተክሉን ይዞ እዚያው አልበላውም። ወደ ኡሩክ ልውሰደው፣ መጀመሪያ ለአንድ ሽማግሌ ላብላው፣ ልሞክረው አለ። ሊቃውንቱ ምናልባት ፈርቶ ነው፣ በሌላ ሰው ሊሞክረው ነው ሊሉ ይችላሉ። ይሆናል። እኔ ግን ያንን ሙሽራ ለሙሽራው የማይለቅ ሰው አስታውሳለሁ። አሁን በእጁ ካለው ሁሉ የሚበልጥ ነገር ይዞ፣ ስለ ከተማው ሽማግሌ ያስባል። መንገድ ላይ ሲታጠብ እባብ መጥቶ ተክሉን ወሰደው። ተቀምጦ አለቀሰ።

ባዶ እጁን ኡሩክ ደረሰ። አብሮት የመጣው ቀዛፊው ኡርሻናቢ ነው። ጊልጋመሽ ግንቡ ላይ ውጣ፣ ተመላለስበት፣ መሠረቱን እይ፣ ጡቡን መርምር አለው። ከዚያ ከተማውን ይለካለታል። አንድ እጁ ቤቶች፣ አንድ እጁ የተምር አትክልት፣ አንድ እጁ ጭቃ የሚወጣበት ጉድጓድ፣ ግማሽ እጁ የኢሽታር ቤት። ግጥሙ ሲጀምር የነበሩት ስንኞች ናቸው። ያኔ ተራኪው ነበር የሚናገራቸው፣ አሁን ንጉሡ ራሱ ይላቸዋል። ያዋረዳትን የኢሽታርን ቤት አልዘለለም። ጭቃውንም አልዘለለም፤ ጓደኛው የተሠራበትን፣ ጓደኛው የሆነውን።

ሙት ዓመቱ ላይ ሄድኩ። ጎጃም፣ ከአስፋልቱ ወርዶ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ። እናቱ ከሩቅ አዩኝ። ምን እንደምላቸው በመንገዱ ሁሉ ሳዘጋጅ ነበር፣ ሁሉም ጠፋብኝ። «ይቅር ይበሉኝ እናቴ» አልኩ። አቅፈውኝ ብዙ አለቀሱ። «አንተ ስትመጣ እሱ የመጣ መሰለኝ» አሉ። አዲስ አበባ ያስቀረሁት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ያውቁ ነበር። «ነግሮኛል» አሉና እጄን ይዘው እህል ውኃ አቀረቡልኝ። ሦስት ቀን ቆየሁ። ጠዋት ጠዋት እሳት ዳር ስለ እሱ ልጅነት ያወሩልኛል፤ እኔ ደግሞ የማያውቁትን አወራላቸዋለሁ።

ስመለስ ወንድሜን ጠርቼ የጊልጋመሽን ታሪክ ነገርኩት። አሁን እሱ አናጢ ነው፤ በርና መስኮት ይሠራል፣ የራሱ ትንሽ ወርክሾፕ አለው። የሰርጉ ቤት በር ላይ ስደርስ ድምፄ ተለወጠ። ከዚያ ስለዚያ ማታ ነገርኩት፤ ላባርርህ ነበር፣ እሱ ነው በር ላይ የቆመው አልኩት። ለዓመታት የማያውቀው መስሎኝ ነበር።

መላጊያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ሰምቻችኋለሁ» አለኝ። «ሻንጣዬን ቋጥሬ አልጋው ላይ ተቀምጬ ነበር። ጀርባው በሩን ሲመታው ይሰማኝ ነበር።»